ጥጃዋን ሲያስቀምጣት፦ የመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት በደረጃ

ሰው የሚደውልልኝ አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው ቀን ነው። ጥጃዋ ተዘርራለች፤ ጆሮዋ ቀዝቅዟል፤ ዓይኗ ጎድጉዷል። «ያልሞከርነው የለም» ይሉኛል። ምን ምን ሞከራችሁ ስል መልሱ ያው ነው፦ ወተት ከለከልናት፣ ስኳርና ጨው በጥብጠን በጠርሙስ ጋትናት፣ ኦክሲ (ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ) ገዝተን ሰጠናት።

ወተት መከልከሉ ያስርባታል። ስኳሩ ተቅማጡን ያብሰዋል። መጋቱ ሳንባዋ ውስጥ ውሃ ሊከት ይችላል። ኦክሲውም ብዙ ጊዜ ከበሽታው ጋር አይገናኝም።

ይህ መመሪያ አዳማና አካባቢዋ በጓሮ ሁለት ሦስት ላም ለያዛችሁ፣ ጥጃችሁም ገና አንድ ወር ላልሞላት ነው። ጥጃዋን ቶሎ የሚገድላት ከሰውነቷ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። ስለዚህ ጀርሙ ማን እንደሆነ ሳታውቁም የወጣውን መተካት ትጀምራላችሁ። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

ዝግጅት፦ ላሟ ሳትወልድ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ክፍት ፋርማሲ ፍለጋ ባጃጅ ከመለመን እነዚህን በአንድ ካርቶን አስቀምጡ።

- ዲጂታል ቴርሞሜትርና ቫዝሊን
- የጥጃ ጡጦ ከነጡቱ፣ ወይም በሃይላንድ አፍ ላይ የሚገጠም የጥጃ ጡት
- ኦአርኤስ፣ ብዙ ሰው «ለምለም» የሚለው፣ ቢያንስ 6 ከረጢት
- ከፋርማሲ የተገዛ የግሉኮስ ዱቄት
- ጨውና ቤኪንግ ሶዳ
- የላስቲክ ጓንት፣ ክዳናቸው የሚጠብቅ ሦስት የናሙና ብልቃጦች፣ ማርከር
- ደረቅ ጭድና ሁለት ንጹሕ ጆንያ
- ሌሊት ስልክ የሚያነሳ የእንስሳት ሐኪም ቁጥር

ቤኪንግ ሶዳና ቤኪንግ ፓውደር አንድ አይደሉም። ፓውደሩ ውስጥ አሲድና ስታርች ተቀላቅሎበታል፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሱቅ ሄዳችሁ «ቤኪንግ» ብቻ ብትሉ የሚሰጣችሁ ፓውደሩን ነው። ጽሑፉን ራሳችሁ አንብቡ።

ደረጃ 1፦ ለዩ፣ ከዚያ ለኩ

ገና ተቅማጡን እንዳያችሁ ጥጃዋን ከሌሎቹ ጥጃዎች አውጡ። ጥላ ያለው፣ ነፋስ የማይመታው፣ ደረቅ ጥግ ፈልጉ። ከዚያ አምስት ደቂቃ ወስዳችሁ እነዚህን አንድ በአንድ እዩና ጻፉ።

1. ሙቀት። ቴርሞሜትሩን ቫዝሊን ቀብታችሁ በፊንጢጣዋ አስገቡ፤ እስኪጮህ ያዙት። ከ38.5 እስከ 39.5 ጤነኛ ነው። ከ38 በታች ከሆነ ሰውነቷ እየቀዘቀዘ ነው፤ ይህ ከትኩሳት ያላነሰ ያስፈራል።
2. ቆዳ። የአንገቷን ቆዳ ቆንጥጣችሁ ልቀቁት። ወዲያው ከተመለሰ ደህና ነው። ሁለት ሰከንድና ከዚያ በላይ ተቆንጥጦ ከቀረ ውሃ አጥሯታል። ስድስት ሰከንድ ካለፈ ጉዳዩ ከእናንተ እጅ ወጥቶ የሐኪም ሆኗል።
3. ዓይን። የታችኛውን የዓይን ሽፋን ዝቅ አድርጉ። በዓይኗና በሽፋኑ መሃል ክፍተት ከታየ የውሃ ድርቀቱ ገፍቷል።
4. አፍ። በታጠበ ጣት ድዷን ንኩ። እርጥብና ሙቅ ነው ወይስ ደረቅና ቀዝቃዛ? ጣታችሁን አጥብቃ ትጠባለች?
5. አቋም። ስትነቀንቋት ትነሳለች? ቆማ ትንገዳገዳለች?

ደረጃ 2፦ ቤት ነው ወይስ ሐኪም?

ከቆመች፣ ጣት ከጠባች፣ ሙቀቷም ደህና ከሆነ ቤት ትታከማለች።

ከቆመች ግን ጡቱን በስንፍና የምትስብ ከሆነ በደረጃ 4 ያለውን ፈሳሽ ጀምሩ፤ ሐኪሙንም አሁኑኑ ደውላችሁ አሳውቁ። በሚቀጥሉት ስድስት ሰዓታት ለውጥ ካላያችሁ ይምጣ።

ካልተነሳች፣ ጣት ካልጠባች፣ አፏ ከቀዘቀዘ ወይም ሆዷ ከተነፋ ምንም በአፏ አትስጡ። በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ ያስፈልጋታል። ሐኪሙ እስኪደርስ በጆንያ ጠቅልላችሁ፣ በደረቷ አስተኝታችሁ አሙቋት።

አንዳንዴ ዓይኗ ብዙም ሳይጎደጉድ እንደ ሰካራም የምትንገዳገድ ጥጃ ታያላችሁ። በተለይ አንድ ሳምንት ያለፋት ከሆነች ደሟ ውስጥ አሲድ ተጠራቅሟል ማለት ነው። «ውሃ እንኳ አላጠራትም» ብላችሁ አትዘናጉ፤ እሷም ለሐኪም ናት።

ደረጃ 3፦ ከመድኃኒት በፊት ናሙና ውሰዱ

ይህን ሁሉም ሰው ይዘለዋል። ከዚያ ሁለተኛዋም ሦስተኛዋም ጥጃ ስትታመም «ምን ይሆን?» ብሎ ይጨነቃል። አንቲባዮቲክ ከገባ በኋላ የሚወሰድ ናሙና ባክቴሪያውን ሊደብቀው ይችላል። ተቅማጡ የጀመረ ዕለት የተወሰደው ነው ጥሩ።

1. አዲስ ጓንት አጥልቁ። የፊንጢጣዋን ዙሪያ በጣት አሻሹት፤ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ትሰጣችኋለች።
2. ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል በቀጥታ ወደ ብልቃጡ ተቀበሉ። ከመሬት የተዛቀ አይሠራም።
3. ክዳኑን አጥብቁ። የጥጃዋን መለያ፣ ዕድሜዋን በቀን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉበት።
4. ብልቃጡን በሁለት ፌስታል ጠቅልሉና በረዶ ካለበት ዕቃ ውስጥ አስገቡ። ፍሪዘር ውስጥ አታስገቡት። የአዳማ ከሰዓት ፀሐይ መኪና ውስጥ የተተወ ናሙናን ቀቅሎ ያስረክባችኋል።
5. በ24 ሰዓት ውስጥ አድርሱ።

የት? መጀመሪያ የምታውቁትን ሐኪም ጠይቁ። ከዚያ ውጪ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ቢሾፍቱ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ አሰላ ደግሞ የአካባቢው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ። ሳትደውሉ አትሂዱ። የትኛውን ምርመራ በዚያ ሳምንት እንደሚሠሩና ናሙናው እንዴት እንዲመጣ እንደሚፈልጉ ጠይቁ። ከአንድ በላይ ጥጃ ከታመመ ከእያንዳንዷ ለየብቻ ውሰዱ።

ውጤቱ እስኪመጣ ዕድሜዋ ፍንጭ ይሰጣል። ከተወለደች በአራት ቀን ውስጥ እንደ ውሃ የሚወርድ ከሆነ ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ይጠረጠራል። ከአምስተኛው ቀን እስከ ሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ሮታቫይረስ፣ የከብት ኮሮናቫይረስና ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል በዓይን የማይታይ ጥገኛ ይበዛሉ፤ ብዙ ጊዜም ሁለት ሦስቱ አብረው ይመጣሉ። ሦስት ሳምንት ካለፋት፣ ደም ካለበትና ስታምጥ ካያችኋት ኮክሲዲያ የሚባል የአንጀት ጥገኛ ይጠረጠራል። ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ዕድሜ አይመርጥም፤ ትኩሳት፣ ደምና ከባድ ሽታ ይዞ ይመጣል። በቀለም ብቻ አይታችሁ ግን አትፍረዱ። «ነጭ ከሆነ ወተት በዝቶባት ነው» የሚባለውን እኔም ለዓመታት ስል ኖሬያለሁ፤ ቀለሙ ጀርሙን አይናገርም።

ደረጃ 4፦ ፈሳሹን በጥብጡ

አንጀቷ ሶዲየምንና ግሉኮስን አንድ ላይ ያስገባል፤ ውሃው ተከትሏቸው ይገባል። ንጹሕ ውሃ ብቻውን ብትሰጧት ብዙው ያልፋታል። ሶዳው ደግሞ በተቅማጥ ምክንያት የተጠራቀመውን አሲድ ያበርዳል።

*አማራጭ ሀ፣ ኦአርኤስ።* ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን የውሃ መጠን አንብቡና በዚያው ልክ በጥብጡ፤ በብዛት 1 ሊትር ነው። ለሰው ልጅ የተሠራ ስለሆነ ሶዲየሙ ለጥጃ ትንሽ ያንሳል። ለቀላሉና ለመካከለኛው ድርቀት ግን ይሠራል። ሌላ ጨው አትጨምሩበት።

*አማራጭ ለ፣ ቤት የሚዘጋጅ።* ለ2 ሊትር ውሃ፦

- ጨው፦ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ልክ እስከ አፉ
- ቤኪንግ ሶዳ፦ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ልክ እስከ አፉ
- የግሉኮስ ዱቄት፦ 40 ግራም፣ ወደ አራት የሾርባ ማንኪያ

ውሃውን አፍልታችሁ አቀዝቅዙት። ለብ ሲል ዱቄቶቹን ጨምራችሁ እስኪሟሙ አማስሉ። ክርናችሁን ነክራችሁ ካላቃጠላችሁ፣ ካልቀዘቀዛችሁም ደህና ነው። ከ24 ሰዓት በላይ የቆየውን ድፉት።

ማንኪያውን በቢላ ጀርባ አስተካክላችሁ ስፈሩ። «ትንሽ ብጨምርላት ቶሎ ትድናለች» ያለ ሰው ጨው አብዝቶ ጥጃዋን የባሰ ያደርቃታል።

ስኳር ለምን አይሆንም? የቤት ስኳር አንጀት ውስጥ ሲሰበር ነው ግሉኮስ የሚሆነው። ወተት የምትጠባ ጥጃ አንጀት ስኳርን የሚሰብረው ኢንዛይም የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ስኳሩ ሳይፈጭ ይወርዳል፣ ውሃም ይስባል፣ ተቅማጡም ይብሳል። ለሕፃናት የሚሠራው የስኳርና ጨው ውሃ ለጥጃ የማይሠራው በዚህ ነው። ወንጂ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ስኳር ባይቸግረንም ለጥጃ ግሉኮስ ግዙ።

ደረጃ 5፦ አጠጣጥ

ከ35 እስከ 40 ኪሎ የምትመዝን ድቅል ጥጃ በአንድ ጊዜ 2 ሊትር ትጠጣለች። ከ20 እስከ 25 ኪሎ የሆነች የአገር ዝርያ ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ይበቃታል። ክብደቷን ካላወቃችሁ ታቅፋችኋት የሰው ሚዛን ላይ ውጡና የራሳችሁን ቀንሱ። ጎረቤት ይስቅ።

ወተቷን አታቋርጡ። ፈሳሹ ኃይል አይሰጣትም፤ ወተት ከተከለከለች ሁለት ቀን ሳይሞላት ትከሳለች። ነገር ግን ሶዳ ያለበትን ፈሳሽ ከወተት ጋር አትቀላቅሉ። ወተቱ ሆዷ ውስጥ እንዳይረጋ ያደርገዋል። በመሃላቸው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይኑር። ለምሳሌ እንዲህ፦

- ጠዋት 1 ሰዓት፦ ወተት
- ረፋድ 4 ሰዓት፦ ፈሳሽ
- ከሰዓት 8 ሰዓት፦ ፈሳሽ
- ማታ 12 ሰዓት፦ ወተት
- ማታ 3 ሰዓት፦ ፈሳሽ

ከእናቷ የምትጠባ ከሆነ ከጠባች በኋላ አውጧትና ሰዓቱን ጠብቁ። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት ውሃ ቶሎ ይጨርሳታል፤ በየመሃሉ ንጹሕ ውሃ በባልዲ አስቀምጡላት።

ስታጠጡ ጭንቅላቷ እናቷን ስትጠባ በሚሆንበት ከፍታ ይሁን። ጡቱን ራሷ ትሳብ።

አትጋቱ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንዲት የስድስት ቀን ጥጃ አፍንጫዋን ይዤ፣ አንገቷን ወደ ላይ አቅንቼ በሃይላንድ ጋትኳት። ሳለች። «ደህና፣ ትንሽ አነቃት» ብዬ ቀጠልኩ። በማግስቱ ትንፋሿ ሲር ሲር ይል ጀመር፤ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ተቅማጡ እኮ ቆሞ ነበር። ፈሳሹ ሳንባዋ ገብቶ ነው። ባለቤትየዋ «እማማ» የምላቸው ጎረቤቴ ናቸው፤ ዛሬም ጥጃ ሲያስቀምጥባቸው መጀመሪያ የሚሉኝ «እንዳለፈው እንዳትግታት» ነው። አልጠባም ካለች በቱቦ የሚያጠጣ የሠለጠነ ሰው ጥሩ።

ደረጃ 6፦ አሙቁ፣ አድርቁ፣ እጃችሁን ታጠቡ

ከሥሯ ያለውን እርጥብ ጭድ በቀን ሁለቴ ቀይሩ። ጭራዋንና ኋላዋን በለብታ አጥባችሁ አድርቁ፣ ቫዝሊን ቀቧት፤ አለበለዚያ ቆዳዋ ተልጦ ዝንብ ይሰፍርባታል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ነፋስ ቀላል አይደለም፤ ጆንያ ጀርባዋ ላይ እሰሩ።

ጤነኞቹን መጀመሪያ፣ የታመመችውን መጨረሻ መግቡ። ጡጦዋ ለብቻ ይሁን። ከተጠቀማችሁ በኋላ በሳሙና እጠቡት፣ የፈላ ውሃ አፍስሱበት፣ ፀሐይ ላይ አድርቁት። በረኪና ብዙ ነገር ይገድላል፤ ክሪፕቶስፖሪዲየምን ግን አይነካውም። እሱን የሚያሸንፈው ሙቀትና መድረቅ ነው። ፀሐይ ደግሞ አዳማ ላይ በነፃ ነው።

ክሪፕቶስፖሪዲየምና ሳልሞኔላ ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ትንንሽ ልጆች፣ ነፍሰ ጡሮችና በሕመም አቅማቸው የደከመ ሰዎች ጥጃዋን አይንኩ። ልጆች ጥጃ ጣታቸውን ስትጠባቸው ደስ ይላቸዋል፤ ለዚህ ሳምንት ይቅር።

ነገሩ ካልሄደ

*ፈሳሹን ጠጥታ ተቅማጡ በዛ።* አትደንግጡ። ዓይኗንና አቋሟን እዩ። ጠንክራ ከቆመችና ከጠባች እየሠራ ነው፤ ተቅማጡ ራሱ ጥቂት ቀናት ሊቆይ ይችላል። እየደከመች ከሆነ ሐኪም ጥሩ።

*ሁለት ሊትሩን አትጨርስም።* አንድ አንድ ሊትር አድርጋችሁ በየሁለት ሰዓቱ ስጡ። ከወተት ጋር ያለው ርቀት ግን ይጠበቅ።

*ጠዋት ጠብታ ማታ እምቢ አለች።* እስከ ነገ አትጠብቁ። ሙቀቷን ለኩና ደውሉ።

*ሆዷ ተነፋ።* ማጠጣቱን አቁሙ፣ ደውሉ።

*ጎረቤት ቡና ዱቄት ወይም አረቄ ይዞ መጣ።* አመስግናችሁ ለራሱ አስጠጡት። የሰው ተቅማጥ ማቆሚያ ክኒንም አትስጡ፤ አንጀቷን አስሮ ጀርሙን ውስጥ ያስቀረዋል።

*ኦክሲ ልስጣት?* ቫይረሶቹና ክሪፕቶስፖሪዲየም ለአንቲባዮቲክ አይበገሩም። ትኩሳት ካላት፣ ደም ካለበት፣ ወይም ከፈሳሹ በኋላም ፈዝዛ ከቀረች ሐኪሙ መርጦ፣ በክብደቷ ለክቶ ያዛል። የሰው ካፕሱል ፈልቅቆ ወተት ውስጥ መበተን ሕክምና አይባልም።

ቀጣዩ ወሊድ፦ እንገር በሰዓት

ጥጃ ስትወለድ በሽታ የሚከላከል አካል በደሟ የላትም ማለት ይቻላል። የላም እንግዴ ልጅ ያንን አያሳልፍም። ያላት ተስፋ እንገር ነው፤ እሱም የሚጠቅማት አንጀቷ ሳይዘጋ ከደረሰ ነው። ከተወለደች ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ የምትቀበለው በጣም ይቀንሳል፤ በ24 ሰዓት ገደማ በሩ ይዘጋል።

1. እንግዴ ልጁ እስኪወጣ አትጠብቁ። ይህ ልማድ ስንት ጥጃ እንደጨረሰ!
2. ጡቱን በለብታ ውሃ አጥባችሁ አድርቁ፣ ንጹሕ ዕቃ ላይ እለቡ።
3. በሁለት ሰዓት ውስጥ የክብደቷን አንድ አሥረኛ ስጡ፤ 35 ኪሎ ብትሆን 3.5 ሊትር። በአንዴ ካልጨረሰች ትንሽ አሳርፋችሁ ቀጥሉ።
4. ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ሌላ 2 ሊትር ጨምሩ።
5. «ራሷ ትጠባለች» ብላችሁ አትተዉ። ጡቱ ሥር ቆማ አንድ ጉንጭ ሳትውጥ የምትውል ጥጃ አለች። ለክታችሁ ስጡ።
6. እትብቷን አዮዲን ውስጥ ንከሩ።

«እንገር ስለሚከብድ ያስቀምጣታል» የሚሉ አሉ። እሱን የተነፈገችዋ ናት በሳምንቷ የምትወድቀው። እንገር ቤት ውስጥ ተፈልቶ ሲበላ እኔም እጄን የምሰበስብ ሰው አይደለሁም፤ ግን ጥጃዋ ከጠገበች በኋላ ይሁን። ለእሷ የሚሰጠው ደግሞ አይፈላ፤ ሙቀቱ መከላከያውን ያጠፋዋል።

ከጤነኛ ላም የተረፈውን በሃይላንድ፣ አፉ ላይ ክፍተት ትታችሁ፣ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ላሟ ብትሞት ወይም ጡቷ ቢታመም ያድናችኋል። ሲፈለግ እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አቅልጡት። እሳት ላይ አይጣድ።

ወንድ ጥጃም ይህ ሁሉ ይገባዋል። ወተቱ ለካፌ ይሂድ ብሎ ወንዱን የሚረሳ ሰው፣ በረቱ ውስጥ ጀርም የሚያረባው በእሱ በኩል ነው።

የዳነችዋን ጥጃ እዳሪዋ እንደረጋ ወደ ጓደኞቿ አትመልሱ። ጀርሙን ከዚያም በኋላ ለቀናት ትረጫለች። ቢያንስ አንድ ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ፤ ጥጓ ተጠርጎ፣ ጭዱ ተቃጥሎ፣ ወለሉ ፀሐይ ሲመታው ሰንብቶ ከደረቀ በኋላ ሌላ ጥጃ ይግባበት።